ፎቶግራፍ እንደ ምስክር



በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ጦርነት ቆስለው ካረፉ በኋላ አስከሬናቸው በመንገድ ላይ በደርቡሾች እጅ ወደቀ። ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ፤ ለኸሊፋውም የድሉ ማረጋገጫ ሆኖ ቀረበ። የሰው ማንነት በገዛ ፊቱ እንጂ በሥዕሉ በማይመሰከርበት ዘመን ነገሩ እንዲህ መራራ ነበር።

ኋላ ፎቶግራፍ የፊት እንደራሴ ሆነ። እንደራሴ ግን ሊዋሽ ይችላል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ጊዜ፥ በእስላም ልብስ የሚያሳዩአቸው ፎቶግራፎች ተሰራጭተው እንደነበር ይነገራል። ከነዚህም መካከል በእጅ የተቀነባበሩ እንደነበሩ የሚያወሱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ።

በዛሬው ዘመን በብዙ አገር ድንበር ላይ ፊትን ከፓስፖርት ጋር የሚያስተያየው መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የዚህን መኪና ድካም ገለጡ። የሁለት ሰዎች ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ተዋሕዶ አንድ ፊት ቢሠራ ሥዕሉ ሁለቱንም ይመስላል፤ መኪናውም ሁለቱንም ያሳልፋል። ስለዚህ ንጹሕ ሰው ያወጣው ፓስፖርት ለሚፈለግ ወንጀለኛ መሸሸጊያ ይሆናል ማለት ነው።

ተንኰሉን ለመለየት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሥዕሉን ብቻ መመርመር ነው፤ በፀጉር ዳርና በዓይን ብሌን ዙሪያ የመደራረብ ጥላ ይታያልና። ነገር ግን ሥዕሉ ታትሞ እንደገና ሲነሣ ይህ ምልክት ይደበዝዛል። ሁለተኛው ሰውየውን በቦታው አንሥቶ ከፓስፖርቱ ሥዕል ጋር ማነጻጸር ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከምንጩ መጠበቅ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ፥ ባለጉዳዩ የወረቀት ፎቶግራፍ ይዞ መምጣቱ ቀርቶ ሥዕሉ በመሥሪያ ቤቱ እንዲነሣ፥ ወይም ከታወቀ ፎቶግራፍ አንሺ በተጠበቀ መስመር እንዲላክ ወሰነች። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ የተመዝጋቢውን ፊት፥ የዓይን ብሌንና የጣት አሻራ በአካል ተገኝቶ እንዲሰጥ ያደርጋል።

ይህ ነገር ለመተማና ለሸሕዲ ሩቅ ወሬ አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ስደተኛ በዚሁ በር ገብቷል። በእንዲህ ያለ በር ላይ የሚፈጸም ስሕተት ሁለት ወገን ይጐዳል፤ አታላይ ሲያልፍ አገር፥ እውነተኛ ሲመለስ ነፍስ ይጠፋል።

አባቶቻችን «ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው» ብለዋል። መኪና ቢረዳንም፥ ማኅተም የሚያሳርፈው ሠራተኛ ከሥዕሉ ቀና ብሎ በፊቱ የቆመውን ሰው መመልከት ይገባዋል።