በሩቁ የታየው እሳት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥራዬ የሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ነው። ትንንሽ ልጆች ማስተማር የጀመርኩት ግን በስደት ነው። እዚህ ዋራበሌ ጎረቤቶቼ ዓርብ ዓርብ ልጆቻቸውን ይልኩልኛል፤ ፊደል እናነባለን፣ ከዚያ ተረት እነግራቸዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት የነገርኳቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ድሃ አገልጋይ ከሀብታም ጌታው ጋር ይወራረዳል። በተራራ ጫፍ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ሌሊቱን ካደረ መሬትና ከብት ያገኛል። ፈርቶ አንድ ሽማግሌ ሲያማክር፣ “ማዶ ካለው ተራራ ላይ እሳት አነድልሃለሁ። እሱን እያየህ፣ እኔን እያሰብክ እደር” ይሉታል። እንዳሉትም አደረ። ጌታው ግን “እሳት አይተሃል፤ ስለዚህ ሞቀሃል” ብሎ ካደው።

እዚህ ላይ ስደርስ ጂቡቲ የተወለደች የስምንት ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። “ጋሼ፣ ውጪ ማደር ምን ይከብዳል? እኛ ሁሌ ውጪ አይደል የምናድረው?”

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። በክረምት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ ላደገች ልጅ ብርድን በምን ላስረዳት? ስለ ጉሙ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለሚንገጫገጭ ጥርስ ብዙ አወራሁ። ዓይኗን ሳይ አንዱም አልገባትም። አንድ ሥዕል ቢኖረኝ ያን ሁሉ ወሬ ይተካልኝ ነበር።

ሥዕሉስ አለ። እንዴት እንደተሣለና ለምን እኛ እጅ እንዳልደረሰ ላውጋችሁ።

ይህን ተረት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ካስገቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ራሱ ስደተኛ ነበር። ዎልፍ ሌስላው ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የሴም ቋንቋዎችን ሲያጠና ጦርነቱ ደረሰበት፣ በማጎሪያ ሰፈር ታሰረ፣ በ1942 አምልጦ ኒውዮርክ ገባ። አማርኛን ለሚማሩ የውጭ አገር ሰዎች መማሪያና መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው፣ የጉራጌ ቋንቋዎችንም ዕድሜ ልኩን ያጠናው እሱ ነው። በ1950 ከሃሮልድ ኮርላንደር ጋር የኢትዮጵያ ተረቶችን ሰብስበው አሳተሙ። የመጽሐፉም ስም የተወሰደው በተራራው ላይ ከነደደው እሳት ነው።

ከ44 ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ያው ተረት ባለ ቀለም የሥዕል መጽሐፍ ሆነ። የጻፈችው ጄን ኩርትዝ ናት። አሜሪካዊት ብትሆንም ወላጆቿ ሚሲዮናውያን ስለነበሩ ያደገችው ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ማጂ ነው። ሠዓሊው ኢ. ቢ. ሉዊስ የፊላደልፊያ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፣ የውሃ ቀለም ባለሙያ ነው። የሥዕል መጽሐፍ ሥራውንም የጀመረው በዚሁ መጽሐፍ ነው። በማግስቱ ዓመት ሌላው ጥቁር አሜሪካዊ ሠዓሊ ፍሎይድ ኩፐር የአንበሳውን ጭራ ተረት ሣለው።

አልወቅሳቸውም፤ እንዲያውም አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን መጽሐፎቹ የታተሙት በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚሸጡት በዶላር ነው፣ የተደረደሩት በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ነው። እሳቱ የእኛ ነበር፤ የሚሞቁት ግን ሌሎች ነበሩ።

“እኛ በሥዕል ተረት የመንገር ባህል ስለሌለን ነው” የሚል ሰው ካለ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አላየም ማለት ነው። ማንበብ የማይችል ሕዝብ ስንት መቶ ዓመት ታሪኩን ከግድግዳ ላይ ሲያነብ ኖሯል። ደጉ ሰው ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሕፃን ልጅም ቢሆን ማን ማን እንደሆነ ይለያል። የንግሥተ ሳባ ታሪክም በአንድ ሸራ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ተከፋፍሎ ይሣላል። ይህን ሁሉ ሥዕል ግን ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ አይገልጠውም። ለልጅ የነበረው የአያት አፍ ነው። በኋላም ከ1964 ጀምሮ ቴሌቪዥን ላላቸው ቤቶች አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ስንቶቻችንን አሳድገውናል!

ባዶውን ቦታ ያየው ደግሞ ሌላ ስደተኛ ነው።

አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የነገሌ ቦረና ልጅ ናቸው። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲያነቡ 19 ዓመታቸው ነበር። ያነበቡትም ተራ የፍቅር ልብ ወለድ ነው፤ ግን ሕይወታቸውን ለወጠው። በደርግ ዘመን፣ በ1981፣ ከአገር ሸሽተው አሜሪካ በስደተኝነት ተቀበለቻቸው። እየሠሩ ተምረው የቤተ መጻሕፍት ሙያ ያዙ። ከዚያም በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ተቀጠሩ።

እስቲ ራሳችሁን በእሳቸው ቦታ አስቀምጡ። መደርደሪያው ላይ በብዙ ደርዘን ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጽሐፎች አሉ። የየአገሩ ስደተኛ ልጁን ይዞ ይገባል፣ በቋንቋው መጽሐፍ መርጦ ይወጣል። አበሻው ልጅ ሲመጣ ግን የሚሰጠው የለም። ብዙዎቻችን አዝነን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። እሳቸው ማሞ ቂሎን ጻፉ።

ማሞ የእናቱን ምክር ቃል በቃል እየተከተለ ነገር ሁሉ የሚያበላሸው ያ የምናውቀው ልጅ ነው። መጽሐፉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈና በቀለም የተሣለ ነው። ለምን በሁለት ቋንቋ? አማርኛ የማያነበው ልጅና እንግሊዝኛ የማታነበው እናት አንድ ገጽ ላይ እንዲገናኙ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም ግን አስቀድመው የሚያነቡት ሥዕሉን ነው። የሣለው ቦጋለ በላቸው ይባላል። ስለ መጽሐፉ ሲወራ የጸሐፊው ስም ይነሳል፤ የሠዓሊውን ስም ሲያነሱ የሰማኋቸው ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ ቦጋለ በላቸው።

በ1998 ከጄን ኩርትዝና ከሌሎች ጋር ዛሬ ኢትዮጵያ ሪድስ የሚባለው ድርጅት ተመሠረተ። በ2002 አቶ ዮሐንስ ሥራቸውን ትተው፣ ከቤተ መጻሕፍታቸው በስጦታ ያገኙትን 15,000 መጽሐፍ ይዘው አገር ቤት ገቡ። በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖሩበትን ቤት ምድር ቤት ለልጆች ከፈቱት፤ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተባለ። በ2005 ደግሞ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ልጆች ወዳሉበት መሄድ ጀመረ። በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው። አስተውሉ፤ ይህ ሁሉ የተነሳው አንድ ስደተኛ ባዶ መደርደሪያ አይቶ ዝም ማለት ስላቃተው ነው።

ወደ ተረቱ ልመለስ። አገልጋዩ ዳኛ ፊት ቀርቦ ተረታ። በኋላ አንድ ብልህ ሰው ጌታውንና ዳኛውን ግብዣ ጠራቸው። የወጡ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ ምግብ ግን አልቀረበም። እንግዶቹ ሲቆጡ፣ “በማየት የሚሞቅ ሰው ካለ፣ በማሽተትም ይጠገባል” አላቸው። ጌታውም የካደውን ከፈለ።

ለእኛም እንደ ጌታው የሚናገር አይጠፋም። “ስልክ አላችሁ፤ ልጆቻችሁ አገራቸውን በቪዲዮ ያያሉ፤ ምን ጎደላቸው?” ይለናል። ማየት መሞቅ አይደለም። ግን ሽማግሌውን አንርሳቸው። ያ ሰው ከብርዱ የተረፈው ማዶ ሆነው ስለ እሱ እንቅልፍ ያጡ ሰው ስለነበሩ ነው። አቶ ዮሐንስም ቦጋለም ማዶ ሆነው እሳት ያነደዱ ናቸው። እኛስ ለእነዚህ ልጆች ምን እያነደድን ነው?

ባለፈው ዓርብ ወረቀትና ቀለም አድዬ ተረቱን ራሳቸው እንዲሥሉት አደረግሁ። ያቺ ልጅ እናቷን “ብርድ ምንድን ነው?” ብላ ጠይቃ ኖሯል። እናትየው ጂቡቲ ከገባች ጀምሮ ያልለበሰችውን ጋቢ ከሻንጣ አውጥታ አሳየቻት። ልጅቷም ተራራውን ሣለች፣ በሩቁ ቀይ ነጥብ አደረገች፣ ሰውየውን በጋቢ ጠቀለለችው።

“ተረቱ ላይ ልብስ የለውም እኮ” አልኳት።

“ይበርደዋላ!” አለችኝ።

ሥዕሎቹን በስቴፕለር አያይዘን መጽሐፍ አድርገናቸዋል፤ የሠዓሊዎቹን ስም ሽፋኑ ላይ ጽፈናል። ዋራበሌና አካባቢው ያላችሁ፣ መሣል የምትችሉ፣ ወይም ትርፍ ቀለምና ወረቀት ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ከአያታችሁ የሰማችሁትን አንድ ተረት ከታች ጻፉልን። ዓርብ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ፤ እነሱ ይሥሉታል።