«ሙቀት» እና «መጠነ ሙቀት» በአሞኒያ ታሪክ ውስጥ

በዕለት ንግግራችን «ሙቀት» የሚለው ቃል አንድን አካል የሚያሞቀውን ኃይልም፣ አካሉ የሞቀበትን ደረጃም ያመለክታል። ከንግግር አልፎ ወደ ሳይንስ ጽሑፍ ሲገባ ግን ይህ ድርብነት ተርጓሚውን ያሰናክለዋል። የአሞኒያ ፋብሪካ ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

ፍሪትስ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 በካርልስሩኸ ናይትሮጂንንና ሃይድሮጂንን በከፍተኛ ግፊት፣ በኦስሚየም ካታሊስት አማካይነት አዋሕዶ አሞኒያ አስገኘ። አጸግብሮቱ ሙቀት አመንጪ ነው፤ አንድ ሞል አሞኒያ ሲፈጠር 46 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወጣል። ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። መጠነ ሙቀቱ ዝቅ ሲል አጸግብሮቱ እጅግ ይዘገያል፤ ከፍ ሲል ይፈጥናል፤ ዳሩ ግን ሚዛኑ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል የሚገኘው አሞኒያ ያንሳል። ካታሊስትም ፍጥነትን እንጂ ሚዛንን አይለውጥም።

ካርል ቦሽና ባልደረቦቹ የሃበርን ግኝት ወደ ፋብሪካ አሸጋግረው እ.ኤ.አ. በ1913 በኦፓው ማምረት ጀመሩ። በኦስሚየም ፈንታ አልዊን ሚታሽ የመረጠውን፣ ዋና ንጥረ ነገሩ ብረት የሆነውን ካታሊስት ተጠቀሙ። የሚመነጨው ሙቀት በጊዜው ካልተወሰደ መጠነ ሙቀቱ ይንርና ካታሊስቱ ይጎዳል፤ ከልክ በላይ ከተወሰደም አጸግብሮቱ ይከስማል። ስለዚህ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ሙቀቱን ለሚገባው ቀዝቃዛ ጋዝ እንዲያስረክብ ተደረገ። በኋላ በተሠሩ በርካታ ፋብሪካዎችም ካታሊስቱ በንብብር ተከፍሎ፣ በየንብብሩ መካከል ቀዝቃዛ ጋዝ ይጨመራል።

ይህንን አሠራር በአንድ ቃል ብቻ ብንገልጸው «ሙቀቱን በማስወገድ ሙቀቱን መጠበቅ» የሚል እርስ በርሱ የሚጣረስ ዐረፍተ ነገር ይወጣናል። ከዚህም የከፋው በሥራ መመሪያ ላይ የሚጻፈው «ሙቀቱን ጠብቅ» የሚል ትእዛዝ ነው። አንዱ ሠራተኛ «ሙቀቱ እንዳይወጣ አግድ» ማለት ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ ሌላው «ደረጃው እንዳይለወጥ ተቆጣጠር» ብሎ ይተረጉመዋል። ሙቀት በሚያመነጭ አጸግብሮት ውስጥ ሁለተኛውን ለመፈጸም ሙቀቱን ማስወጣት ግድ ስለሚሆን፣ ሁለቱ ትርጉሞች ተቃራኒ ሥራ ያሠራሉ።

«መጠን» እና «ሙቀት» ተናበው የተገኘው «መጠነ ሙቀት» ይህንን ስሕተት ያስቀራል። «ሙቀትን እያስወጣህ መጠነ ሙቀቱን ባለበት አቆይ» ቢባል ማንም አይደናገርም። ቃሉ ረዘመ ተብሎ በ«ሙቀት» ብቻ እንዲተካ የሚቀርብ ሐሳብ ቢኖር፣ የሚተርፈው ፊደል ጥቂት፣ የሚጠፋው ፍች ግን ብዙ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።