አለቃ የሌለው የወጣቶች ሰፈር

ሐምሌ ሲገባ ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ ወጣቶች ወደ ምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ይወርዳሉ፤ መድረሻቸው አብደራፊና ዙሪያዋ ነው። የሚጠራቸው ሰሊጥ ነው፤ በክረምት አረሙ፣ ከመስከረም ወዲያ አጨዳው። ሰሊጥ ከደረሰ ፋታ አይሰጥም። የፍሬው ማቀፊያ ተሰንጥቆ ዘሩ ከመርገፉ በፊት ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ነዶው መቆም አለበት። ስለዚህ ሠራተኛው እዚያው እርሻው ላይ ያድራል፤ ከሸራ ዳስ ውስጥ፣ ሙቀቱ ሲብስም ከግራር ሥር። ቦታውን ሁሉም ካምፕ ይለዋል።

የማወራው ስለ ስካውት ካምፕ ታሪክም ነው፤ ያን ከሰሊጥ እርሻ መጀመር ያለ ቦታው የገባ ይመስል ይሆናል። ለእኔ ግን የአገራችን ትልቁ የወጣቶች ሰፈር ይህ ነው፤ የጎደለውን ለማየት ደግሞ የሌሎቹን ሰፈሮች ታሪክ ማየት ይጠቅማል።

የስካውት አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ጄኔራል ሮበርት ባደን ፓወል ነው። በደቡብ አፍሪካ ጦርነት የማፈኪንግ ከተማ በተከበበች ጊዜ ልጆች መልእክት ሲያመላልሱ አየ። አገሩ ሲመለስ ከወታደር ኑሮ ድንኳኑንና ሥነ ሥርዓቱን ወሰደ፤ ጠመንጃውን ተወ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1907 በብራውንሲ ደሴት 20 ያህል ልጆች ሰበሰበ፤ የባለጸጋም የሠራተኛም ልጆች ነበሩ። ተኩላ፣ ኮርማ፣ ቁራ እያለ በቡድን ከፈላቸው። ጠዋት የሚቀሰቅሳቸው በደቡባዊ አፍሪካ ከተደረገው የማታቤሌ ዘመቻ ያመጣው የአጋዘን ቀንድ ነበር፤ ማታ በእሳት ዙሪያ ያዜሙት የነበረውም የዙሉ ዜማ ነው። እንግሊዝ ልጆቿን በሥነ ሥርዓት ለማሳደግ ቀንዱንም ዜማውንም ከወረረችው አህጉር መውሰዷ ፈገግ ያሰኛል። የሰፈሩ ዋና ብልሃት ግን ሌላ ነው። የቡድኑ መሪ ራሱ ልጅ ነው፤ ከእሱ በላይ ደግሞ የእያንዳንዱን ስም የሚያውቅ፣ ማታ ማን እንደጎደለ የሚጠይቅ ትልቅ ሰው አለ።

ይህ ብልሃት ለእኛ እንግዳ አልነበረም። የጎንደር የቆሎ ተማሪ ከስካውት በብዙ ዘመን ይቀድማል። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ አንዳንዴም ለእናት ለአባቱ ሳይናገር ከቤቱ ይወጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጎጆ ይቀልሳል፤ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ይለምናል፤ ሲታመም የሚያስታምመው ጓደኛው ነው። ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ከሁሉም በላይ የኔታ አሉ። ረሃቡና ቁንጫው ስንቱን እንደጣለ የሚያውቀው ያየው ነው፤ ልጁ ከጉባኤ ሲጠፋ ግን የት ገባ የሚል አያጣም።

ስካውት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በከተማ ትምህርት ቤቶች በኩል ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ነበረ። የመጣው ወራሪ ስካውትን አስቀድሞ በገዛ አገሩ የዘጋ ነው፤ ሙሶሊኒ የጣሊያንን ልጆች ባሊላ ወደተባለው የፋሺስት ማኅበር አስገብቷቸው ነበር። ከነፃነት በኋላ ስካውት በንጉሠ ነገሥቱ ጥላ ሥር ተመለሰ፤ አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ጠፋ። ደርግም በ1972 ዓ.ም. የራሱን የወጣቶች ማኅበር አቋቋመ። መንግሥት ሁሉ የወጣት ሰፈር ይወዳል፤ የማይወደው ሌላው ያሰፈረውን ነው።

በአብዮቱና በዚህ ማኅበር መካከል ዘመቻው ነበር። የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ተጀምሮ 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ተላከ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ዘማቹ ፊደል ሊያስቆጥር በሄደበት ገበሬ ሲያደራጅ ተገኘ። ባለመሬት የገደለው፣ ደርግ ያሰረው፣ ጣቢያውን ጥሎ የጠፋው ብዙ ነው። ያን ዘመቻ የሚያወድስም የሚረግምም አለ፤ እኔ ወጣቱን ለራሱ ፖለቲካ ከተጠቀመበት መንግሥት ጎን አልቆምም። ያም ሆኖ ዘማቹ ጣቢያ ነበረው፤ ስሙም በመዝገብ ላይ ሰፍሯል።

የሰሊጡ ልጅ ግን መዝገብም የኔታም የለውም። ከደላላ ጋር ይመጣል፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ ሌላ እርሻ ያልፋል። ሌሊት ግራር ሥር ሲተኛ የአሸዋ ዝንብ ትነክሰዋለች፤ ዝንቧ የምትወደው ግራርና የተሰነጠቀ ዋልካ አፈር ነውና። ከዚያ ካላዛር ይመጣል፤ ትኩሳት፣ ክሳት፣ የጣፊያ እብጠት። ካልታከመ ይገድላል። ደጋ ሲደርስ ሕመሙን ወባ እያሉ የሚያልፉለት አይጠፉም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሊቦ ከምከም ውስጥ በሽታው በወረርሽኝ መልክ ሲነሣ፣ ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት አልቀሩም የሚል ግምት ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አብደራፊ ላይ ካላዛርንና የእባብ ንክሻን ለዓመታት ያከሙትም ችግሩ የአንድ ሰሞን ስላልሆነ ነው። ሐኪም የሚያየው ግን እግሩ ጤና ጣቢያ የደረሰለትን ብቻ ነው።

ስካውት ከደርግ ውድቀት በኋላ በአገራችን እንደገና ተቋቁሟል። የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠኑ ወጣቶቹ ለከተማ ሰልፍ ብቻ መዋል የለባቸውም። የእርሻ ባለቤቶችም፣ ወረዳውም፣ የስካውት ማኅበሩም ተነጋግረው ለእያንዳንዱ ካምፕ ከሠራተኞቹ መካከል አንድ የቡድን መሪ ይሠልጥን፤ የመጣው ሁሉ ስሙና አገሩ ይመዝገብ፤ አጎበር ከማጭዱ እኩል ይታደል። የሚቀጥለው አረም ሳይደርስ ይጀመር።