ድንጋይ የሌለው ስም፣ ስም የሌለው ድንጋይ

ኢያሱ ወልደ ነዌ እስራኤልን ዮርዳኖስን ባሻገረ ጊዜ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋይ አስወጥቶ በጌልገላ አቆመ። ይህንም ማድረጉ በኋላ ዘመን ልጆች ስለ ድንጋዩ በጠየቁ ጊዜ አባቶች እንዲመልሱላቸው ነው። እንግዲህ ድንጋይ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ስለ እርሱ የሚመልስ አንደበት ያስፈልገዋል። የሚመልሰው ሰው ከጠፋ ድንጋዩ ቆሞ ሳለ ነገሩ ይሞታል። የዚህም ማስረጃ በአገራችን በኢትዮጵያ አይታጣም።

በሐዋሳ ከተማ አሞራ ገደል ከተባለው የሐይቅ ዳር፣ አሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ከሚያስጠጉበትና አሞሮች የአሣውን ትርፍራፊ ከሚጠባበቁበት ቦታ የተነሣ መንገደኛ፣ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄድ ከዲላ ይደርሳል። በዚያ በጌዴኦ አገር፣ እንሰትና ቡና በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር በሚበቅሉበት ተራራ ላይ፣ ብዙ ትክል ድንጋይ ቆሞም ወድቆም ይታያል። ጨልባ ቱቲቲ በተባለው ቦታ ያለው ብቻ ከ1,000 ይበልጣል። ይህም ረዥምና ድብልብል ሆኖ የተጠረበ ነው። በቱቱ ፈላ መቃብር ላይ የቆመው ግን ብዙው የሰው መልክ የተቀረጸበት ነው። ከእርሱም አንዳንዱ አስቀድሞ በወንድ አባለ ዘር አምሳል ተጠርቦ የነበረ ሲሆን፣ ኋላ የሰው መልክ እንደ ገና እንደ ተቀረጸበት መርማሪዎች አስተውለዋል። ስለዚህ የኋለኛው ትውልድ የፊተኛውን ድንጋይ ለራሱ አሳብ አውሎታል ማለት ነው።

የእነዚህ ድንጋዮች ዕድሜ ከ1,000 ዓመት እምብዛም እንደማይበልጥ ይገመት ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ምርምር ግን ሳካሮ ሶዶ በተባለው ቦታ የሚገኙትን ወደ መጀመሪያው ምእት ዓመት አድርሷቸዋል፤ ይኸውም ሐዋርያት ወንጌልን ይሰብኩበት የነበረ ዘመን ነው። የጌዴኦ ሽማግሌዎች ቦታውን አክብረው በመጠበቃቸው አገሩ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ነገር ግን በድንጋዩ ላይ አንድ ፊደል ስላልተጻፈ፣ ከሥሩ የተኛው ሰው ማን እንደ ተባለ ድንጋዩ ሊነግረን አይችልም።

ስም በጠፋበት ስፍራ ደግሞ የሌላ ሰው ስም ይገባበታል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በሶዶ ምድር በጢያ 36 ትክል ድንጋይ አለ፤ ከዚሁም በ32ቱ ላይ ሰይፍና ልዩ ልዩ ምልክት ተቀርጾበታል። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ይህን ሐውልት የአገሩ ሰው የግራኝ ድንጋይ ሲለው ኖሯል። መርማሪዎች መቃብሩን ከፍተው ባዩ ጊዜ ግን ከ12ኛው እስከ 14ኛው ምእት ዓመት ያለ ሆኖ ተገኘ። ግራኝ አሕመድ የዘመተው ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. ነውና ድንጋዩ ከእርሱ አስቀድሞ ቆሞ ነበር። ሰይፍ የተቀረጸበትን ድንጋይ ያየ ትውልድ፣ የአያቶቹን ስም ስላላገኘ፣ የሚያውቀውን የጦረኛ ስም ሰጠው። አባቶቹም በገዛ መቃብራቸው ላይ እንግዳ ሆኑ።

በጣና ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው በዳጋ ደሴት ያለው ነገር ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት መቃብር ነው። የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብና የፋሲለደስ ዐፅም በሣጥን ሆኖ በዚያ እንዳለ ገዳማውያኑ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ይናገራሉ። በላያቸው የተተከለ ሐውልት የለም። ዘርዐ ያዕቆብ በ1468 እ.ኤ.አ. ካረፈ ከ550 ዓመት ይበልጣል፤ ሆኖም ስሙ አልጠፋም። ስሙን ያቈየው በዜና መዋዕል የጻፈው ብዕርና ትውልድ ለትውልድ የሚያስተላልፈው ማኅበር ነው።

ምናልባት አንዳንድ ካህን፣ ሳይጠመቁ የሞቱ ሰዎች ድንጋይ ለቤተ ክርስቲያን ልጅ ምን ያደርግለታል ይል ይሆናል። ነገር ግን ያዕቆብ በራሔል መቃብር ላይ ሐውልት ሲያቆም ኦሪትም ገና አልተጻፈችም ነበር፤ ሙሴም ያንን ሐውልት ከመጻፍ አልተቈጠበም። ሙታንን ማክበር ከሕገ ልቡና የመጣ ነው። የጌዴኦ ሽማግሌ የማን እንደ ሆነ ሳያውቅ የጠበቀውን ድንጋይ፣ መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ለቤት መሠረት ቢያነሣው ወይም ሲነሣ አይቶ ዝም ቢል ነውሩ የማን ይሆናል?

ዳሩ ግን ተግሣጹ ወደ ገዛ ቤትም ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴዋ ያረፉትን ታስባለች፤ በተዝካርም ስማቸውን ትጠራለች። ይሁን እንጂ በየአጥቢያው ቅጽር ውስጥ ስሙ በመዝገብ ያልገባ፣ ልጆቹ ሲያልፉ ማንም የማያውቀው መቃብር ብዙ ነው። ዛሬ ሰው ለሙታኑ እምነ በረድ ለማቆም ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ ስሙን፣ የክርስትና ስሙንና ያረፈበትን ቀን በደብሩ መዝገብ ለማስጻፍ ግን አንድ ቅጠል ወረቀት ይበቃዋል። እምነ በረዱ ቢወድቅ መዝገቡ ይመልሳል፤ መዝገቡ ከሌለ ግን እምነ በረዱ ከጢያ ድንጋይ አይሻልም። ስለዚህ የደብር አለቃና ጸሐፊ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቀው የሙታኑን ስም ይጻፉ። ልጅ በጠየቀ ቀን የሚመልስለት አይጣ።