ሥዕል እንደ ዐረፍተ ነገር፤ የቪየናው ሥዕላዊ ስታቲስቲክስ ታሪክና ትምህርቱ

እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችል ሙሉ ሐሳብ የሚገለጸው በቃል ብቻ አይደለም። በነባሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ ኃጥአን በጎን፣ በአንድ ዐይን መሣላቸው ለዚህ ምስክር ነው። ሥዕሉ «ይህ ሰው ክፉ ነው» ይላል፤ ፊደል ያልቆጠረ ምእመንም ሥርዐቱን ካወቀ ያነበዋል።

ይህንኑ የምልክት ችሎታ ለሕዝብ ትምህርት በታቀደ ዘዴ ካዋሉት አንዱ ኦስትሪያዊው ፈላስፋና የኢኮኖሚ ምሁር ኦቶ ኖይራት ነበር። በ1925 (እ.ኤ.አ.) በቪየና ያቋቋመው የማኅበራዊና የኢኮኖሚ ሙዚየም ዓላማ፣ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ጤናና ስለ ሥራ የተሰበሰቡት አኀዞች ለሠራተኛው ሕዝብ ግልጽ እንዲሆኑ ማድረግ ነበር። በኋላ ባለቤቱ የሆነችው ማሪ ራይደማይስተር፣ በባለሙያውና በሠዓሊው መካከል ሆና ከአኀዙ ውስጥ መነገር ያለበትን ቁም ነገር ትመርጥ ነበር። ምልክቶቹን ከነደፉት ሠዓሊዎች ዋነኛው ጌርድ አርንትስ ነው።

የዘዴው ሰዋስው አጭር ነው፤ ይኸውም አንድ ምልክት የተወሰነ ብዛት ይወክላል፣ ብዛቱ ሲጨምር ግን ምልክቱ ይደጋገማል እንጂ አይተልቅም። የሰው ሥዕል ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ወርዱም አብሮ ስለሚያድግ፣ በወረቀቱ ላይ የሚይዘው ቦታ አራት እጥፍ ይሆንና ተመልካቹን ያሳስታል። አንድ ምልክት ለ1,000 ተማሪዎች ቢቆም፣ በላይኛው ረድፍ ሦስት፣ በታችኛው ስድስት ሲደረደር «የተማሪው ቁጥር እጥፍ ሆነ» የሚል ሐሳብ ይነበባል። አኀዙ የተሳሳተ ከሆነ ሥዕሉም ሐሰት ይናገራል።

በ1934 የኦስትሪያ የእርስ በርስ ግጭት ሙዚየሙ ሲዘጋ ባልደረቦቹ ወደ ሄግ ተሰደዱ፤ ዘዴውም በ1935 አይሶታይፕ የሚል ስም አገኘ። ኖይራትና ማሪ በ1940 ወደ እንግሊዝ ሸሹ። ኖይራት በ1945 ከሞተ በኋላ ሥራውን የቀጠለችው ማሪ፣ በ1950ዎቹ ለምዕራብ ናይጄሪያ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤናና ስለ እርሻ ሥዕላዊ ጽሑፎች አዘጋጀች። በዚያም በአውሮፓ የተነደፉት ምልክቶች እንዳሉ ሊወሰዱ ስላልቻሉ፣ ከአካባቢው አለባበስና አኗኗር ጋር እንዲስማሙ እንደገና ተሣሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ሥዕል ያለ ትምህርት የሚነበብ ዓለም አቀፍ ቋንቋ አለመሆኑን ነው። ስንት እንደሆነ ያሳያል፤ «ለምን» እና «ባይሆን ኖሮ» የሚሉትን ግን ያለ ቃል እርዳታ ለመግለጽ ይቸገራል። ስለዚህ መምህሩ ሠንጠረዡን ከመስቀሉ አስቀድሞ ምልክቱ ምንና ስንት እንደሚወክል ማስረዳት፣ ቀጥሎም ተማሪው ያነበበውን በራሱ ዐረፍተ ነገር እንዲናገር ማድረግ ይገባዋል። ዕቅድ አውጪውም ሥዕሉን ከማሳተሙ በፊት ለሚጠቀምበት ሕዝብ አሳይቶ ቢፈትነው፣ ያልታሰበ ነገር ከመናገር ይድናል።