ግብር በእንጦጦ

ዳግማዊ ምኒልክ ከአንኮበር ተነስተው እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ሥርዓተ ቤተ መንግሥቱም አብሯቸው መጣ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑትም እዚያው፣ በእንጦጦ ማርያም ነው።

የዚያ ግቢ ሕይወት በደንብ የሚታየው በግብር፣ ማለትም በቤተ መንግሥቱ ድግስ ላይ ነበር። በመጀመሪያ መጋረጃ ይጋረዳል፤ ንጉሡ ከታላላቆቹ መኳንንት ጋር ይመገባሉ። መጋረጃው ሲገለጥ ሠራዊቱ በየማዕረጉ ተራ በተራ ይገባል፤ ተራውን የሚያስጠብቀው አጋፋሪ ነው። ብርንዶው ይዞራል፣ አዝማሪው ያወድሳል። ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከመስጠቱ በፊት ከብርሌው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል። መርዝ እንደሌለበት የሚያረጋግጠው በገዛ ሕይወቱ ነው!

እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ በ1880 ዓ.ም. የተጣለው ግብር ለቀናት ዘለቀ፤ ከ5 ሺህ በላይ ከብት፣ በግና ፍየል እንደታረደ ይነገራል። የድግሱ አዛዥ እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። ወጥ ቤቱን፣ ጠጅ ቤቱንና እንጀራ ጋጋሪዎቹን አቀናጅቶ ያን ሁሉ ሕዝብ ማጥገብ ጦር ከመምራት የማይተናነስ ችሎታ ነው፤ ታሪካችን ግን ለዚህ ሙያ የሚገባውን ቦታ አልሰጠም።

ጣይቱ በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥ ይጫወቱ፣ ያነቡና ይጽፉም ነበር።

የእንጦጦ ብርድና የማገዶ እጥረት ግን አላስቀመጠም። ጣይቱ የፍልውሃውን ሜዳ ወደዱት፤ ግቢውም ከነአጋፋሪው ወደ አዲስ አበባ ወረደ።