ሐኪሙ አሊዩ አምባ ላይ ሲታመም

አሊዩ አምባን የሚያውቅ ሰው በአብዛኛው የሚያውቃት በገበያዋ ነው። ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ወደ ሸዋ የሚወጣው በእሷ በኩል ነበር። አሞሌው፣ ቡናው፣ ጨርቁ፣ ሰውም ጭምር (የባሪያ ንግዱን አንደብቀው) በዚያ አልፏል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ አንድ ሐኪም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1842፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በዚሁ መንገድ መጥቶ አሊዩ አምባ ቤት ይዞ ተቀመጠ። ያየውንም በ1844 በሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመው። ሐኪም ነው፤ ግን ትኩሳት ጣለው! የቆላውን ትኩሳት ምን እንደሚያመጣው ያኔ በዓለም ላይ የሚያውቅ አልነበረም። የወባ ተሕዋሲ የታየው በ1880 ነው፤ የትንኟ ጉዳይ የታወቀው ደግሞ በ1890ዎቹ መጨረሻ። እንግዲህ እንግሊዛዊው ሐኪም የይፋት ባላገር ከሚያውቀው ብዙም አይበልጥም ነበር ማለት ነው። እንዲያውም ለኮሶ ትል የእኛው ኮሶ ነበር አውሮፓ ድረስ ሄዶ መድኃኒት ቤት የገባው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ፍሬሽማን ናት። ነጥቧ ሕክምና ያስገባታል፣ ልቧ ግን ገና አልቆረጠም። ዘመድ አዝማዱ "ዶክተር" እያለ መጥራት ከጀመረ ሰንብቷል፤ እሷ ደግሞ በተጠራች ቁጥር ይጨንቃታል። ሁለት ነገር ትፈራለች፦ የዓመቱን ርዝመት፣ እና አንዴ ከገባች ሌላው በር ሁሉ የሚዘጋባት ይመስላታል።

ሁለተኛውን ፍርሃቷን ታሪክ አይደግፍላትም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ተመልከቱ። በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ስትወድቅ ከወላጆቻቸው የተለዩ ሕፃን ነበሩ፤ የእንግሊዝ መኮንኖች ሕንድ ወስደው አሳደጓቸው፣ ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ። አገራቸው ተመልሰው ያከሙትን ያህል ሌላም ሠርተዋል፦ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መርተዋል፣ ጣሊያን ሲወረን ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ዶክተር መላኩ በያንም እንዲሁ። አሜሪካ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው ለጦርነቱ አገራቸው ደረሱ፣ ከዚያ ኒውዮርክ ላይ በ1937 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን ካቋቋሙት ዋነኛው ሆኑ። ሕክምና መማራቸው ማንኛቸውንም አላሰራቸውም።

የመጀመሪያው ፍርሃቷ ግን እውነት ነው፣ በታሪክ ላሽሞነሙንላት አልችልም። ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ቀልድ አይደለም፤ እኩዮቿ ደመወዝ ሲበሉ እሷ ገና ዋርድ ውስጥ ሌሊት ታድራለች። ከተመረቁ በኋላስ? በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው አደባባይ ወጡ፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ያው ጥያቄ እንደገና ተነሳ። "ዶክተር" እያለ የሚጠራት ዘመድ ይህንን ሊነግራት ይገባ ነበር፣ አልነገራትም። እኔ ነገርኳት።

ግቢ ወይም አትግቢ ግን አላልኳትም። ፎርሙን ከመሙላቷ በፊት ለእረፍት ስትመጣ፣ በገበያ ቀን ጤና ጣቢያው ደጅ ተሰልፈው የሚጠብቁትን እናቶች እያየች እንድትውል ነው የነገርኳት። ሁለት ሦስት ገበያ ይበቃታል።